አምስት መቶ አንድ ሩፒ

በመሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች ቀን የጠቅላላ እውቀት ውድድር አይቀርም። ዘንድሮ አዘጋጆቹ አገር አገሩን ለየሰዉ አከፋፈሉና፣ ሁለት ዓመት ሃይደራባድ ስለተማርኩ ህንድ ለእኔ ደረሰች። አሥር ጥያቄ፣ መልሱ ከአንድ ቃል ወይም ከአንድ ቁጥር ያልበለጠ፣ እስከ ዓርብ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በግራ ጥያቄ፣ በቀኝ መልስ፣ ከታች ድምር። ማክሰኞ ማታ ጨረስኩ። ረቡዕ ጠዋት ስድስቱን ሰረዝኩ።

ጥፋቱ የአንቲ ነው። አንቲ ሃይደራባድ ሳለሁ አከራዬ የነበሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። እዚያ በዕድሜ የምትበልጥህ ሴት በስሟ አትጠራም፤ ብትዛመድህም ባትዛመድህም «አንቲ» ነች፣ እኛ እትዬ እንደምንለው። እሳቸው ደግሞ «ባቡ» ይሉኛል፣ በቴሉጉ የእኔ ልጅ እንደማለት። ጥያቄዎቹን በዋትሳፕ ላኩላቸው። እንዲያርሙልኝ አልነበረም፤ እንዲኮሩብኝ ነበር። ስነቃ ስልኬ በድምፅ መልእክት ተጨናንቋል። የጡረታ መምህር ቀይ እስክሪብቶ አይነጥፍም።

(ቀኖቹም ወሮቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ጥያቄዬ «የህንድ ብሔራዊ ቋንቋ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። መልስ፦ ሂንዲ። «ብሔራዊ ቋንቋ የሚባል የለንም፣ ባቡ» አሉ አንቲ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴ ውስጥ ምን ስትሰማ ነበር?» እውነታቸውን ነው፣ ደግሞ አውቀው ነበር። ጥር 26 ቀን 1950 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ሂንዲን የማዕከላዊው መንግሥት የሥራ ቋንቋ አደረገው እንጂ «ብሔራዊ» የሚል ማዕረግ ለማንም አልሰጠም። እንግሊዝኛ ለ15 ዓመት ብቻ አብሮ እንዲያገለግል ነበር የታሰበው። ቀኑ ሲደርስ፣ በ1965፣ በደቡብ የታሚል ተናጋሪዎች አገር በተቃውሞ ተናጠ፤ እንግሊዝኛም ሳይሰናበት ቀረ። ሕገ መንግሥቱ በስም የሚዘረዝራቸው ቋንቋዎች መጀመሪያ 14 ነበሩ፣ አሁን 22 ደርሰዋል። የሚገርመው፣ እንግሊዝኛ ከ22ቱ አንዱ አይደለም።

ይህን ትምህርት ያገኘሁት ገና በደረስኩ በሳምንቴ ነው። ከህንድ ፊልም የለቃቀምኳትን ሂንዲ ይዤ አንቲን ላስደስት ብሞክር፣ ከቦርሳቸው አንድ ኖት አወጡና ጀርባውን አዞሩልኝ። በአንድ በኩል እንደ መሰላል የተደረደሩ 15 መስመሮች አሉ፣ እያንዳንዳቸው የኖቱን ዋጋ በሌላ ቋንቋ የሚናገሩ። በፊት ለፊቱ ያሉት ሂንዲና እንግሊዝኛ ሲጨመሩ 17። አንቲ በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ቆጥረው 14ኛው ላይ ቆሙ። «የእኔ ይሄ ነው።» ቴሉጉ። ከሥሩ ኡርዱ ብቻ አለ። ቅር እንዳይልዎት፣ የተደረደሩት በእንግሊዝኛ ፊደል ቅደም ተከተል ነው ብላቸው ሳቁብኝ።

ቴሉጉና ሂንዲ ዘመዳሞች እንኳ አይደሉም። ሂንዲ ኤክ፣ ዶ፣ ቲን ብሎ ሲቆጥር ቴሉጉ ኦካቲ፣ ሬንዱ፣ ሙዱ ይላል። የአንዱ ዘመዶች ፋርስና አውሮፓ ድረስ አሉ፣ የሌላው ዘመዶች ባብዛኛው ደቡብ ህንድ ውስጥ ናቸው። «ህንድኛ ትችላለህ?» ለሚሉኝ ጓደኞቼ ይህን ማስረዳት ከጀመርኩ ቡናው ሦስተኛ ይደርሳል።

ስለ ፊደል ግን ልቆይ፤ ከጥያቄዎቼ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። የአንቲ የልጅ ልጅ ማታ ማታ ከጎኔ ክፍል ሆኖ ጮክ ብሎ ያጠና ነበር፦ ከ፣ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ተነባቢ ይሻገራል፣ እንደገና በዚያው ዜማ። አልጋዬ ላይ ሆኜ አያቴ ሰፈር ያለው የቄስ ትምህርት ቤት ትዝ ይለኛል፤ የጎደለው አለንጋው ብቻ ነው። አንድ ምሽት ወረቀት አንሥቼ ከ፣ ኩ፣ ኪ፣ ካ፣ ኬ፣ ክ፣ ኮ ብዬ ጻፍኩላቸው። አንቲ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩት። አንዱ አካል እግር ሲያወጣ፣ ክንድ ሲያበቅል፣ ቀለበት ሲያንጠለጥል። «ጉኒንታም አላችሁ!» አሉ። ጉኒንታም ማለት በቴሉጉ የፊደል ገበታው ላይ ያለው የእርባታ ሠንጠረዥ ነው። ልጁን ጠርተው እንዲያይ አደረጉት። ልጁ ሌላ አገርም ይህን ስቃይ የሚያጠና ልጅ እንዳለ ሲያውቅ ትንሽ የተጽናና መሰለኝ።

አሁን ጥያቄው፦ ዴቫናጋሪን (ሂንዲ የሚጻፍበትን)፣ ቴሉጉን፣ ቤንጋሊን፣ ታሚልን የመሰሉትን የህንድ ፊደሎች በአንድነት የሥነ ልሳን ሰዎች ምን ብለው ይጠሯቸዋል? መልስ፦ አቡጊዳ። ስሙን በ1990 ያወጣው ፒተር ዳንኤልስ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ሲሆን የወሰደው ከእኛው አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ነው። ቢሊዮን ሰው የሚጽፍባቸው ፊደሎች በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠሩት በቄስ ትምህርት ቤት ቃል ነው። አንቲ ይህን አያውቁም ነበር። ለአንድ ቀን ዝም አሉኝ፤ እንደ ድል ቆጥሬዋለሁ።

«ህንድ ነፃ የወጣችው መቼ ነው?» የሚለው ግን ተበላሸብኝ። ነሐሴ 15 ቀን 1947፣ ማን ይስታል? «የእኛ ቤት ነሐሴ 15 ምንም አልተደረገም» አሉ አንቲ። ሃይደራባድን ይገዙ የነበሩት ኒዛም ሚር ኦስማን አሊ ኻን ከህንድም ከፓኪስታንም ሳይሆኑ ለብቻቸው ለመቆም አሰቡ። ታይም መጽሔት በ1937 የዓለም ቁጥር አንድ ሀብታም ብሎ ሽፋኑ ላይ ያወጣቸው፣ 185 ካራት የሚመዝን አልማዝ ወረቀት መጫኛ ያደርጉ ነበር የሚባሉት ሰው ናቸው። የህንድ ጦር በመስከረም 1948 ገባና ነገሩ በአምስት ቀን አለቀ። አንቲ ያኔ አምስት ዓመታቸው ነበር፤ የሚያስታውሱት እናታቸው በር ላይ የደገፉትን ቁም ሳጥን ነው። ጎዋ ደግሞ ከፖርቱጋል እጅ የወጣችው በታኅሣሥ 1961 ነው። ታዲያ በመልስ መስጫው ቦታ ስንት ቀን ልጻፍ? ሰረዝኩት።

«ህንድ ስንት ክፍለ ግዛት አላት?» የሚለውንም እንዲሁ። በ1952 ፖቲ ስሪራሙሉ የሚባሉ ሰው ለቴሉጉ ተናጋሪዎች የራሳቸው ክፍለ ግዛት ይሰጥ ብለው ማድራስ ላይ የረሃብ አድማ ገቡ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን ሞቱ። በዓመቱ አንድራ ተመሠረተች፤ በ1956 የአገሪቱ ካርታ ባብዛኛው በቋንቋ እየተለካ እንደገና ተሰመረ። ይህን ከመጽሐፍ አንብቤ «ገባኝ፣ ቋንቋ ነው መስፈርቱ» ብዬ ሳልጨርስ፣ እኔ እዚያው እያለሁ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014፣ ቴላንጋና ከአንድራ ተለየች። ሁለቱም ቴሉጉ ተናጋሪ ናቸው! ከመለየቱ በፊት በነበሩት ወራት «ነገ ባንድ ነው» ሲሉኝ ሙዚቃ ያለ መስሎኝ ለባብሼ ወጥቼ አውቃለሁ። ባንድ ማለት የሥራ ማቆም አድማ ነው። ሱቁ ዝግ፣ አውቶቡሱ ዝግ፣ እኔ በነጭ ሸሚዝ።

አውቶቡስ ካነሳሁ አይቀር፣ እዚያ ባለሦስት እግሯን «ባጃጅ» ብዬ ስጠራ ሾፌሩ ግራ ተጋባ። እነሱ የሚሏት አውቶ ነው። ባጃጅ የኩባንያው ስም ነው፤ ኩባንያውም የቤተሰብ ስም ነው። መሥራቹ ጃምናላል ባጃጅ ከጋንዲ ጋር እጅግ ከመቀራረባቸው የተነሣ አምስተኛ ልጃቸው ይባሉ ነበር። ይህች አለፈች። «ኢንድራ ጋንዲ ለማሕተማ ጋንዲ ምናቸው ናቸው?» የምትለዋም አለፈች፦ ምናቸውም አይደሉም። አባታቸው ኔህሩ፣ ባላቸው ፌሮዝ ጋንዲ። አዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል የተወለድኩ ሰው እስከ ሃያ ዓመቴ ልጃቸው ይመስሉኝ ነበር።

የቁጥሯን ጥያቄ ለራሴ መቀጫ ነው የጻፍኳት። የመጀመሪያ የክፍያ ወረቀቴ ላይ 1,50,000 የሚል አነበብኩ። ኮማው ያለቦታው ገብቷል ብዬ፣ አንድ ዜሮ ተርፎ ይሆን ጎድሎ እያልኩ መስኮቱ ጋ ሄጄ ላሳርም ተነሣሁ። ሒሳብ የተማርኩት ሰውዬ! ህንዶች ከሺህ ቀጥሎ በሁለት በሁለት ዜሮ ነው የሚቆርጡት፤ መቶ ሺህ አንድ ላክ፣ መቶ ላክ አንድ ክሮር። ትንሽ ካሰብነው ለእኛም እንግዳ አይደለም። ግዕዝ ቁጥርም የሚራመደው በመቶና በእልፍ ነው፤ ያንኑ ገንዘብ ፲፭፼ ብለን እንጽፈዋለን። ግዕዝ የሌለው ዜሮ ነው። እሱን ከነሕጉ፣ ሲደመርና ሲቀነስ ምን እንደሚሆን፣ በ628 ጽፎ ያስቀመጠው ብራህማጉፕታ የተባለ የህንድ ሊቅ ነው።

ሰንጠረዥ የሚለው ቃላችንም ከዚያው ነው የተነሣው። በሳንስክሪት ቻቱራንጋ፣ ባለአራት ክፍል ጦር፦ ዝሆን፣ ፈረስ፣ ሠረገላ፣ እግረኛ። በፋርስ አልፎ ዐረቦች ጋ ሻትራንጅ ተባለ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ሰንጠረዥ። ለእኔ ቢሮ ሰንጠረዥ ማለት ኤክሴል ነው እንጂ ጨዋታ፣ ቼስ፣ መሆኑን የሚያስታውስ የለም። በታኅሣሥ 2024 የዓለም የቼስ ሻምፒዮን የሆነው ጉኬሽ የቼናይ ልጅ ነው፣ ያኔ 18 ዓመቱ ነበር። አንቲ «ቤተሰቦቹ ቴሉጉ ናቸው» ብለው በሦስት የድምፅ መልእክት አስረግጠውልኛል።

ስለ ሰፈሬ አንድ ጥያቄ ሳልጨምር አልቀረሁም። ሃይደራባድ የኖርኩበት ሰፈር ሀብሲጉዳ ይባላል። ጉዳ መንደር ነው፤ ሀብሲው ሀበሻ ነው ይላሉ። የኒዛሞቹ ጠባቂዎች ከአፍሪካ የመጡ ፈረሰኞች ነበሩና፣ ከተማው ውስጥ ኤ.ሲ. ጋርድስ የሚባል ሌላ ሰፈርም አለ። የአየር ማቀዝቀዣ መሸጫ ነበር የመሰለኝ። «አፍሪካን ካቫልሪ ጋርድስ» ማለት ነው። ህንድ ከደረሱት ሀበሾች ሁሉ የገነነው ግን ከኒዛሞቹ በፊት የኖረው ማሊክ አምባር ነው። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሸጦ፣ በሞካና በባግዳድ በኩል ደካን፣ የደቡብ ህንድ ደጋማ ምድር፣ ደረሰ። መጨረሻው የአሕመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ፣ ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩት የሙጋሎች እሾህ መሆን ነበር። የሙጋሎቹ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ሊያሸንፈው ቢያቅተው ሠዓሊውን አስጠርቶ ራሱን በሉል ላይ ቆሞ፣ በጦር ላይ የተሰካ የአምባርን ጭንቅላት በቀስት ሲወጋ አሣለ። ጭንቅላቱ ግን ከአንገቱ አልተለየም፤ አምባር ሸምግሎ በ1626 በሞቱ ሞተ። አንድ ሌሊት በባቡር ሄጄ ኩልዳባድ ያለውን መቃብሩን አይቻለሁ። ጫማዬን አውልቄ ስገባ ጠባቂው ከየት መጣህ አለኝ፣ ነገርኩት፣ የመግቢያ በሩን ትቶ ተከተለኝ። «ማሊክ አምባር የመሠረታት ከተማ ማን ትባላለች?» ልል ነበር። በ1610 ሲመሠርታት ኪርኪ፣ ኋላ አውራንጋባድ፣ በቅርቡ ደግሞ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር። ይህንንም ሰረዝኩ፤ «የተቀበረው የት ነው?» አልኩ። መቃብር ቶሎ ስም አይቀይርም።

ውድድሩ ዕለት የመጀመሪያው ጥያቄ «በአንድ የሩፒ ኖት ላይ ስንት ቋንቋ ተጽፏል?» ሆነ። አሸናፊው ቡድን «ሁለት» ብሎ መለሰ። 17 ብዬ ሳነብ ከግምጃ ቤት የመጣው ባልደረባዬ ብድግ አለ፦ «ኧረ አንድ ወረቀት ላይ እንዴት ይበቃል? አሳየን!» እያወቅኩ ነው መሰል፣ ፖስታውን ይዤ ነበር።

ፖስታውን አንቲ የሰጡኝ በ2015 ወደ አገሬ ስመለስ ነው። ታክሲ ውስጥ ቆጠርኩት፤ አንድ የ500 ኖትና አንድ የብረት ሩፒ። የተረፈ መልስ ተደባልቆባቸው መስሎኝ ወርጄ ሳንቲሟን ልመልስ ስል እጄን ጨብጠው ዘጉት። ስጦታ በዜሮ አያልቅም፤ በዜሮ ካለቀ አለቀ ማለት ነው፤ አንድ ሲታከልበት ግን ገና ይቀጥላል። ሠርግ ላይ 101፣ ልደት ላይ 501፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ኖቱን ሳልመነዝረው ማስታወሻ አድርጌ አስቀመጥኩት።

ኖቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ሰው በጣቱ መስመሮቹን ቆጠረ፣ የግምጃ ቤቱ ባልደረባዬም አመነ። ከዚያ ገልብጦ እያየ «ዛሬ በእኛ ስንት ይመነዘራል?» አለኝ። ኅዳር 8 ቀን 2016 ማታ የህንድ መንግሥት የ500 እና የ1,000 ኖቶችን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሰረዛቸው። በ17 ቋንቋ አምስት መቶ ነኝ የሚለው ኖት ዛሬ ምንም አይገዛም። ከፖስታው ውስጥ አሁንም በሕግ ገንዘብ የሆነችው ያቺ ልመልሳት የነበረችው አንዷ ሩፒ ናት።