የጣርማበር ዳገትና የአጎቴ ላንድክሩዘር፦ ከካርቡራተር ወደ ኢንጄክሽን

ከሸዋ ሮቢት ማሾና ሽንኩርት ጭኖ ደብረ ብርሃን የሚያራግፍ የቤንዚን መኪና ያለው ሰው የማወራው ነገር ወዲያው ይገባዋል። ቆላው ላይ ምንም የማይለው ሞተር ደብረ ሲናን አልፎ ዳገቱን ሲጀምር ይንተፋተፋል፣ ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ በ2ኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው ጣርማበር የሚደርሰው። አጎቴ «ሽቅብ ሲሉት ያኮርፋል» ይላል። መኪናው የድሮው ላንድክሩዘር ፒካፕ ነው፣ ባለ 6 ሲሊንደሩ፣ 4.2 ሊትር ቱ ኤፍ ሞተር ያለው። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ገና ብዙ ይሠራል። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡራተሩና የሰሜን ሸዋ መንገድ ናቸው የማይስማሙት። ስለዚህ ካርቡራተሩን አንስተን በኢንጄክሽን፣ ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ በሚረጭ መሣሪያ፣ ተካነው።

ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ትጠጋለች። መሀል ላይ ያለው ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል። ይሄ ሁሉ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ ነው። ጣርማበር ላይ ያለው አየር ባሕር ወለል ላይ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተር ይሄን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ቤንዚኑን በትንሽ የነሐስ ቀዳዳ ይስበዋል፤ አየሩ ሲሳሳ ግን ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ስለዚህ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላውን ፈታችሁ ብታዩት ጥላሸት ለብሶ ታገኙታላችሁ። መካኒክ ጋ ስትሄዱ ቀዳዳዋን በጠበበች ይቀይርላችኋል፣ ደጋው ላይ ይስተካከላል። ከዚያ ሮቢት ስትወርዱ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ያንኳኳል፣ ይሞቃል። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ቀዳዳ የለም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ኢንጄክሽን የጎደለውን አየር አይመልስም። ዳገቱ ላይ ጉልበት መቀነሱ አይቀርም፣ ያንን የሚመልሰው እንደ ተርቦ ያለ አየር ጨምቆ የሚያስገባ ነገር ብቻ ነው። ኢንጄክሽን የሚያደርገው፣ ለገባው አየር የሚበቃውን ቤንዚን ብቻ መስጠት ነው። የእኛ መንገድ ላይ ግን ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እኛ የመረጥነው ካርቡራተሩ በነበረበት ቦታ የሚቀመጠውን ዓይነት ነው፤ ኢንጄክተሮቹ እዚያው የአየር በሩ ላይ ናቸው፣ አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ አይነካም። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱን ኢንጄክተር መስጠት የተሻለ ነው፣ ግን ማኒፎልዱን አዲስ ማሠራት ይጠይቃል። ለእኛ አንድ ወፍራም ላሜራ ቶርኖ ቤት አስቆርጦ፣ በሁለት ጓርኒሲዮን መሀል ማሰር በቂ ነበር።

ሰው ሁሉ የሚያየው ይሄንን ክፍል ነው። ዋናው ሥራ ያለው ግን ቤንዚን ታንኩ ጋ ነው።

የድሮው ፓምፕ ሞተሩ ላይ ታስሮ ቤንዚኑን ከኋላ በመሳብ ነው የሚያመጣው። ግፊቱም ግማሽ ባር አይሞላም። ኢንጄክሽኑ ከ3 እስከ 4 ባር ይፈልጋል፣ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ግድ ነው። ፓምፑ ታንኩ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፣ ካልሆነም ከታንኩ አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ። እንዲህ ያለ ፓምፕ መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንለትም። በተለይ እኛ ጋ፦ ቤንዚኑ ሮቢት ላይ ይሞቃል፣ ከዚያ የአየር ግፊቱ ዝቅ ወዳለበት ትወጣላችሁ፣ ግፊት ሲቀንስ ደግሞ ቤንዚን በቀላሉ ይፈላል። ፓምፑ እየሳበ ከሆነ ቱቦው ውስጥ ያለው ተን ሆኖ መኪናው ዳገቱ መሀል ላይ ቀጥ ይላል። የተረፈውን ቤንዚን ወደ ታንኩ የሚመልስ ሁለተኛ ቱቦም ያስፈልጋል። ቤንዚኑ ሲመላለስ ቱቦው ውስጥ ስለማይቆም ያን ያህል አይሞቅም። የድሮው ታንክ ውስጡ መከፋፈያ ከሌለው ደግሞ፣ ቤንዚን ጎደል ሲል ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። ለዚህ መሀል ላይ ሁልጊዜ ሞልቶ የሚቆይ ትንሽ ታንክ ገጠምን።

ታንኩን አስወርዳችሁ አሳጥቡ። ቤንዚን ሲጠፋ ሁላችንም ከጄሪካን ቀድተናል፣ ከሥሩ ያለውን ዝገትና ውኃ ስታዩ ትደነግጣላችሁ። ካርቡራተር ሲቆሽሽ ፈትቶ መንፋት ይቻላል፤ ኢንጄክተር ግን ቆሻሻ አይችልም። ከፓምፑ በፊት ሻካራ ፊልትሮ፣ ከፓምፑ በኋላ ደቃቅ ፊልትሮ። ቱቦውም ለኢንጄክሽን የተሠራ መሆን አለበት፣ ቱቦውን የሚያስረው ፋሼታም እንደዚሁ፣ ተራው ፋሼታ ጎማውን ይቆርጠዋል።

አሁን ደግሞ ከልቤ የምለምነው ነገር። ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር አታስሩት። መኪናው ቢጋጭና ቱቦ ቢበጠስ፣ ሞተሩ ጠፍቶም ፓምፑ ቤንዚኑን በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ይረጨዋል። ፓምፑን የሚያዝዘው ኮምፒውተሩ ይሁን፣ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ)፣ ሞተሩ ሲቆም እንዲቆም። ይሄን «ኧረ ምንም አይልም» የሚል ኤሌክትሪሲያን ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ከሁሉም የምወደው የግፊት ሴንሰሩን ነው። የጣት ጫፍ የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ ነች። ላፕቶፑን ሰክታችሁ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ስትከፍቱ የአካባቢውን የአየር ግፊት ትነግራችኋለች። ደብረ ብርሃን ላይ 72 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ታነባለች፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 87 ገደማ። ካርቡራተሩ በዕድሜው ሙሉ ሊያውቀው ያልቻለው ነገር ይሄ ቁጥር ነው።

ግን ልብ በሉ። ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች የውጭውን ግፊት የሚያነቡት ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ነው። ሮቢት ላይ አስነስታችሁ ሳታጠፉ ጣርማበር ከወጣችሁ፣ ኮምፒውተሩ አሁንም ቆላ ያለ ይመስለዋል። ቀስ ስትሉ ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ያርመዋል፣ ነዳጁን ረግጣችሁ ዳገቱን ስትገፉ ግን በአንዳንዶቹ እርማቱ ይቆማል። መፍትሔው የውጭውን አየር ብቻ የሚያነብ ሁለተኛ ሴንሰር መግጠም ነው። ያ እስኪገኝ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ስትገዙ ሞተሩን አጥፍታችሁ እንደገና አስነሱት። አጎቴ ለቆሎው ድሮም ስለሚቆም ለእሱ አልከበደውም።

የእሱ ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ካርቡራተር መንገድ ላይ በፒንሳና በካቻቢቴ ይሠራል። ይሄ ኮምፒውተር የመንዙ መሐል ሜዳ መንገድ ላይ ቢሞት ማንን ልጥራ?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ በቀላሉ አይሞትም፤ የሚሞተው ፓምፕ፣ ሪሌና የላላ ሽቦ ነው። ስለዚህ ትርፍ ፓምፕ፣ ትርፍ ሪሌና ፊውዝ ከወንበሩ ሥር አስቀምጠናል፣ ፓምፑን እንዴት እንደሚቀይርም በራሱ እጅ አሠርቼዋለሁ። የኮምፒውተሩ ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም በቀጥታ ከባትሪው ነው የመጣው። ዕድሜ በጠገበው የመኪናው ሽቦ ላይ መቀጠል ችግር መጥራት ነው።

አሁን ዳገቱ ላይ ጥቁር ጭስ የለም፣ ካንዴላዎቹ ቡናማ ናቸው፣ ቤንዚኑም ቀንሷል። የቀረው የጠዋቱ ብርድ ነው። በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ቤንዚኑ ቀዝቃዛው ማኒፎልድ ላይ ይቀርና ሞተሩ ለመነሳት ይለግማል፣ ስለዚህ ለማስነሻ የሚሰጠውን ቤንዚን ትንሽ በትንሽ እየጨመርኩለት ነው። ይሄ ሥራ አይቸኮልም፤ ሞተሩ አንዴ ከተነሳ ይሞቃል፣ የሚቀጥለውን ቁጥር ለመሞከር የነገውን ጎህ መጠበቅ ነው።