ኤክሴል እና የእትዬ በርበሬ

ነገሩ ደሴ ነው። እትዬ፣ የእናቴ ታላቅ፣ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች በላስቲክ አሽጋ ትሸጣለች። ዘንድሮ ደግሞ «ስም ይለጠፍበት፣ የሰው እንዲህ ነው» አለች። እኔ ቢሮ ኮምፒውተር ፊት ስለምውል ለዘመዱ ሁሉ ባለሙያ ነኝ። ስልክ ቢቆለፍ እኔ፣ ዲሽ እምቢ ቢል እኔ።

ስቲከሩ ቀድሞ የተቆራረጠ ኤ4 ነው፤ ወደ ጎን 3፣ ወደ ታች 8። አንዷ 70 በ37 ሚሊ ሜትር። ኤክሴል የሚባለውን የሠንጠረዥ ፕሮግራም ከፍቼ የአምዱን ስፋት 7፣ የረድፉን ቁመት 3.7 ብዬ ሞላሁ። ሴንቲ ሜትር መስሎት የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ! አምዱ ጠበበ፣ ረድፉማ ክር አክሎ ጠፋ።

ለካ ኤክሴል የሚሉት ሰውዬ ስፋትን የሚለካው በፊደል ብዛት፣ ቁመትን ደግሞ በፖይንት ነው፤ 72 ፖይንት አንድ ኢንች። አንዱን ሳጥን ወዲህ በፊደል ወዲያ በፖይንት የሚለካ ምን ዓይነት አናጢ ነው? ቁመቱ 37 ሚሊ ነው ስለው 105 በል ይለኛል፣ ስፋቱ 70 ነው ስለው በተለመደው ፊደል 37 ገደማ በል ይለኛል። ወላሂ ራሴን ያዝኩ። (እኛ ወሎ ክርስቲያኑ ወላሂ፣ እስላሙ በማርያም ይላል፤ እኔ ያን ቀን ሁለቱንም ጨርሻለሁ።) ኋላ ነው ቪው የሚለው ሜኑ ውስጥ ገብቶ ፔጅ ሌይአውት ላይ ካደረጉት በሴንቲ ሜትር መሙላት እንደሚቻል ያየሁት። ሞላሁ፣ ማርጂኑን፣ የወረቀቱን የዳር ክፍተት ማለት ነው፣ ዜሮ አደረግሁ፣ በርበሬ የሚለውን ከሳጥኑ ጠርዝ ጀምሬ ጎላ አድርጌ ጻፍኩ፣ ፒዲኤፍ አድርጌ ፍላሽ ላይ ጫንኩ።

ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ።

«ወንድሜ፣ መቶ ፐርሰንት ይታተም፣ እንዳታሳንሰው።»

«አብሽር።»

«ፊት ቱ ፔጅ የምትለዋን፣ ገጹን የምታሳንሰዋን፣ እንዳትነካ።»

«አብሽር አልኩህ እኮ!»

ነካት። «ዳር ዳሩ እንዳይቆረጥብህ ብዬ ነው» አለኝ፣ ሁሉም ታትሞ ካለቀ በኋላ። ሥራው ወደ 90 ፐርሰንት አንሶ ወደ ግራ ጠርዝ ተጠግቷል። ይህ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከ140 ሚሊ ሜትር ላይ መጀመር የነበረበት ሦስተኛው አምድ ከ126 ይጀምራል። 14 ሚሊ ወደ ግራ! ቃሉ መቁረጫው መስመር ላይ ተጋድሞ፣ ስንልጠው «በር» መካከለኛው ስቲከር ላይ ቀረ፣ «በሬ» ቀኝ ያለው ላይ ወጣ።

እትዬ መጣሉን አልሰማ አለች። «የተከፈለበት አይደል እንዴ!» ብላ በሩንም በሬውንም ለጥፋ ሰኞ ባቲ ገበያ ወረደች። እኔም ላስቲኩን ተሸክሜ አብሬ።

አንዷ እናት መጥተው ላስቲኩን አገላብጠው አዩት። «በሬ ይላል። ዱቄት ሆኖ የተፈጨ ሥጋ ነው?» ከኋላቸው የቆመው ሰውዬ ቀበል አድርጎ «የእስላም ነው የክርስቲያን?» አለ።

እትዬ ቀና ብላም አላየችው። «በርበሬ ነው ጌታው፤ ሁለታችሁንም እኩል ያቃጥላል። ስንት ኪሎ ልመዝን?»