የወባን ቁጥር በክልል ስከታተል እስካሁን የገባኝ

ሰላም ጓዶች። "ያ በሽታ መከታተል የት ደረሰ?" ለምትሉኝ፣ ይኸው። ኮሌራንና ኩፍኝን ለጊዜው ትቼ ወባ ላይ ብቻ ነው የተቀመጥኩት። ወባ በየሳምንቱ ይመዘገባል፣ ቁጥሩ ብዙ ነው፣ የክልሎቹ ልዩነትም በደንብ ይታያል። ኮሌራ፣ ኩፍኝ፣ ፖሊዮ እና የመሳሰሉት ግን ገና ሲጠረጠሩ ወዲያው የሚነገሩ ናቸው፤ የነሱ መዝገብ ለጀማሪ ይከብዳል። ሙያዬ ጤና አይደለም፣ ኤክሴል ግን እወዳለሁ። በቃ ይሄው ነው መነሻዬ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ። ጤና ኬላ ያለችው የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሰኞ እስከ እሁድ ያለውን ትሞላና ለጤና ጣቢያ ታቀብላለች፤ ጤና ጣቢያው የራሱን ጨምሮ ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉ ለኢትዮጵያ የህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። እኛ የምናየው የመጨረሻውን ድምር ነው። መሀል ላይ መንገድ ቢዘጋ ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ድምሩ ያንሳል፣ በሽታው ግን እዚያው አለ።

ስለዚህ አሁን አሁን ከታማሚው ቁጥር በፊት የማየው "ሪፖርት ማድረግ ካለባቸው ተቋማት ስንት በመቶው አደረጉ" የሚለውን ነው። ዝቅተኛው መስፈርት 80 በመቶ ነው። ከዚያ በታች የሆነውን ክልል ካርታዬ ላይ ግራጫ እቀባዋለሁ፣ ቀለም አልሰጠውም። አንድም ታማሚ የሌለው ተቋም ዜሮ ብሎ መላክ አለበት፣ ደንቡ ነው። ያልላከው ባዶ ይሆናል። ሁለቱን መለየት የግድ ነው፤ ኤክሴል ደግሞ እዚህ ላይ ተንኮለኛ ነው፣ አማካይ ሲያወጣ ባዶውን ሴል ይዘለዋል፣ ሲደምር ግን እንደ ዜሮ ያልፈዋል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ከክልሉ የሚመጣው ሪፖርት ሲቋረጥ ምን ዓይነት መስመር ሊወጣ እንደሚችል ገምቱት። አገራዊው ግራፍ ወረደ ብሎ የሚደሰት ሰው አይጠፋም።

ብዙ ሰዓት የበላኝ ግን የክልሎቹ ጉዳይ ነው። የድሮው ደቡብ ክልል አሁን የለም። ሲዳማ ሰኔ 2012 ወጣ፣ ደቡብ ምዕራብ ኅዳር 2014፣ የቀረው ነሐሴ 2015 ላይ ደቡብ ኢትዮጵያ እና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆነ። እና ዝም ብላችሁ በክልል ስም ብትስሉ የደቡብ መስመር ደረጃ በደረጃ ይወርድና ይጠፋል፤ አዳዲሶቹ ደግሞ ከዜሮ ተነስተው ሽቅብ ይወጣሉ። ወረርሽኝ የመጣ ይመስላል እኮ! እኔ ሁለት ሺት ነው የያዝኩት። አንዱ ላይ አራቱን ደምሬ "የቀድሞው ደቡብ" ብዬ ረጅሙን ዘመን አያለሁ። ሁለተኛው የዛሬዎቹን ክልሎች ይዞ ከ2016 ወዲህ ብቻ ይሄዳል። የዞን ቁጥር የተገኘለትን ዓመት ከካፋ፣ ከሸካ፣ ከዳውሮ እየሰበሰብኩ ወደ ኋላ ለመውሰድ እየሞከርኩ ነው፣ አድካሚ ነው ግን ያዋጣል።

ለምን እንደሚያዋጣ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 (በኛ ከታኅሣሥ 22/2016 እስከ ጥቅምት 10/2017) በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ እና 1,157 ሞት መመዝገቡን አውጥቷል። ከታማሚዎቹ ኦሮሚያ 44 በመቶ፣ አማራ 18፣ ደቡብ ምዕራብ 12፣ ደቡብ ኢትዮጵያ 7። ይሄን ያየ ሁሉ "ኦሮሚያ ነው የባሰው" ይላል። ግን ኦሮሚያ በ1999ኙ ቆጠራ ብቻውን ከአገሪቱ ሕዝብ ከሲሶ በላይ ነበር፤ 44 በመቶ ብዙም አይገርምም። ካፋን፣ ሸካን፣ የያኔውን ቤንች ማጂን፣ ዳውሮንና ኮንታን ከዚያው ቆጠራ ላይ ደመርኳቸው። 2.3 ሚሊዮን አካባቢ ይመጣል፣ ከአገሪቱ 3 በመቶ ገደማ። 3 በመቶ ሕዝብ፣ 12 በመቶ ወባ። ካርታው በአንዴ ተገለበጠ፤ ዓይን መሄድ ያለበት ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው።

ሞቱን ስታዩት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ደቡብ ምዕራብ 250፣ ኦሮሚያ 667፣ አማራ 56። አማራ ከደቡብ ምዕራብ አንድ ተኩል እጥፍ ታማሚ ይዞ ሞቱ ከሩብ በታች! አንዳንዱ "ሕክምናው የተሻለ ስለሆነ ነው" ሊል ይችላል። እኔ አልቸኩልም። የሚቆጠረው በአብዛኛው ጤና ተቋም ደርሶ የሞተው ነው፤ ቤቱ የሞተ፣ በግጭት ምክንያት መድረስ ያልቻለ ሰው የት ይመዘገባል? የወባው ዓይነትም ሚና አለው፣ ፋልሲፓረም ከቫይቫክስ ይልቅ ይገድላል። ለክልል ከክልል ማወዳደሪያ የሞት ቁጥሩን ለጊዜው አልጠቀምበትም።

ስለ ሕዝብ ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ ከ1999 ወዲህ ቆጠራ የለንም። ሁሉም ትንበያ ነው። ጋምቤላ ያኔ 307 ሺህ ገደማ ሰው ነበረው፤ ዛሬ ከደቡብ ሱዳን የመጡት ስደተኞች ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ናቸው። እነሱም ይታመማሉ፣ ይታከማሉ። አካፋዩ ላይ ካልገቡ የጋምቤላ "በሺህ ሰው" ስሌት ሰማይ ይነካል። ለጋምቤላ ሁለቱንም ስሌት ጎን ለጎን ነው የማስቀምጠው።

አሁን የምወደው ክፍል፦ ወረርሽኝ ነው ወይስ የተለመደው የመስከረምና ጥቅምት ወባ? ጤና ጣቢያዎች ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ቻርት አሠራሩ ቀላል ነው። የአንድን ሳምንት ያለፉ አምስት ዓመታት ቁጥር ትደረድራላችሁ፣ ከትልቁ ቀጥሎ ያለውን ትወስዳላችሁ። ለምሳሌ 12፣ 30፣ 18፣ 45፣ 22 ቢሆን ገደቡ 30 ነው። ዘንድሮ በዚያው ሳምንት ከዚያ ካለፈ ማንቂያው ተደወለ ማለት ነው። ኤክሴል ላይ ላርጅ የሚባለው ፎርሙላ ሁለተኛውን ያወጣላችኋል። ትልቁን የሚተዉት አንድ ክፉ ዓመት ገደቡን ሰቅሎ እንዳያበላሸው ነው።

ግን ክፉ ዓመቱ ሁለት ሲሆንስ? በፈረንጆቹ 2019 አገሪቱ ወደ 900 ሺህ ታማሚ ነበር የመዘገበችው፣ ታሪካዊ ዝቅታ። በ2023 4.1 ሚሊዮን ገባ፣ በ2024 ደግሞ ያ 7.3። ሁለቱ ዓመታት አምስቱ ውስጥ እስካሉ ድረስ "ከትልቁ ቀጥሎ ያለው" ራሱ የወረርሽኝ ዓመት ነው። ማለትም ገደቡ ተሰቅሎ ነው የሚቆየው፣ በጎርፍ ጊዜ የተለካ የወንዝ ከፍታን እንደ መደበኛ እንደመውሰድ። እኔ ሁለቱንም አውጥቼ ሌላ መስመር አስልቻለሁ። የፈለገ ይከራከረኝ፤ ያለነሱ ስታዩት ግን ብዙ "ደህና" ሳምንት ደህና አይደለም።

ሌላ የሚጠቅማችሁ ነገር፣ የተመረመረውን ሰው ቁጥርም ያዙ። ታማሚው ጨምሮ ከመቶ ተመርማሪ ፖዘቲቭ የሚሆነውም ከጨመረ ነገሩ እውነተኛ ነው። ታማሚው ጨምሮ ፖዘቲቩ ባለበት ከቆመ ምናልባት ምርመራው ነው የሰፋው። የመመርመሪያ ኪት ካለቀ ደግሞ ሁለቱም ይወርዳሉ፣ ደስ አይበላችሁ።

ስለ ቀን አቆጣጠሩ ባጭሩ፦ ሳምንታዊው ሪፖርት በፈረንጆቹ ሳምንት ነው፣ ወርሃዊው ዲኤችአይኤስ ቱ (የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚገባበት የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይ የሚገባው ደግሞ በኛ ወር፣ ያውም ከ21 እስከ 20። አራት ሳምንት ደምራችሁ ከወሩ ጋር ለማስታረቅ አትድከሙ። አይገጥምም።

አሁን የቀረኝ ካርታው ነው። ኪውጂአይኤስ (የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር) ላይ የጫንኩት የወሰን ፋይል ደቡብን ገና አንድ አድርጎ ነው የሚያሳየው። የ12ቱን ክልሎች፣ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አዲስ ወሰን በዞን ደረጃ የያዘ ፋይል ያላችሁ ብታካፍሉኝ፣ እኔም የቀድሞውን ደቡብ ዞኖች አሁን ካሉበት ክልል ጋር ያዛመድኩበትን ሺት እልክላችኋለሁ።