«ያዞረኛል» ስንል፦ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ሚዛን የሚመለስበት መንገድ

ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሆስፒታል የወጣ ሰው ስለ ጤናው ሲጠየቅ «ደህና ነኝ፣ ብቻ ያዞረኛል» ይላል። ጣጣው የሚጀምረው እዚችው ቃል ላይ ነው። «ያዞረኛል» ስንል ቢያንስ ሦስት ነገር እንላለን፦ ቤቱ ሲሽከረከር፣ ብድግ ሲሉ ጭው ሲል፣ ምንም ሳይሽከረከር ደግሞ እግር ሲንገዳገድ። መነሻቸው ለየቅል ነው፤ መፍትሔያቸውም እንደዚያው። ስለዚህ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ምን ሲያደርጉ እንደሚጀምርዎ፣ ስንት ሰከንድ ወይም ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚተውዎ ይንገሩት። ከብዙ ምርመራ ይልቅ ይህ መልስ ይጠቅመዋል።

ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከሦስት ቦታ በሚመጣ መረጃ ነው፦ ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ፣ እንዲሁም ከእግር መዳፍ፣ ከቁርጭምጭሚትና ከአንገት። ሦስቱን አስታርቆ ጡንቻን የሚያዘው አንጎል ነው፤ በተለይ ከኋላ ያለው ንዑስ አንጎልና የአንጎል ግንድ። የመኪና አደጋ ወይም ከፎቅ መውደቅ አንዱን መርጦ አይመታም። ጆሮውም፣ አንገቱም፣ አንጎሉም በአንድ ጊዜ ተጎድተው ሊሆን ይችላል።

ከሽክርክሪቱ እንነሳ፤ ቶሎ የሚድነው እሱ ስለሆነ። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ደቃቅ የካልሲየም ቅንጣቶች አሉ። ጭንቅላት ሲመታ ከቦታቸው ይለቁና እንቅስቃሴን ወደሚለዩት ግማሽ ክብ ቱቦዎች ይገባሉ። ሰውየው አልጋ ላይ ሲገላበጥ፣ ቁምሳጥን ላይ ዕቃ ለማውረድ ሲያንጋጥጥ ወይም ጫማ ለማሰር ሲያጎነብስ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ቤቱ ይዞራል፤ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜም ይቆማል። ሲቲ ስካን እነዚህን ቅንጣቶች አያሳይም። «ሲቲው ደህና ነው ተባልኩ፣ ታዲያ ለምን ያዞረኛል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚህ ነው። መርማሪው ፊትን ወደ ጎን አዙሮ በፍጥነት በጀርባ ያስተኛና ዓይንን ያያል፤ ዓይን በራሱ ከተርገበገበ የትኛው ጆሮ እንደሆነ ይታወቃል። ምርመራው ከ1952 ጀምሮ የታወቀ ሲሆን በገላጮቹ በዲክስና በሃልፓይክ ስም ይጠራል።

ሕክምናው መድኃኒት አይደለም፤ አሜሪካዊው የጆሮ ሐኪም ጆን ኤፕሊ በ1992 ያሳተመው ቅንጣቶቹን አዟዙሮ ወደ ቦታቸው የመመለስ ዘዴ ነው። ጭንቅላት ከተመታ አንገትም ተመትቷል ብሎ መነሳት ይሻላልና አንገትዎ ተመርምሮ ደህና ነው ሳይባል አይሞክሩት። የመጀመሪያውንም ባለሙያ ያሠራዎት።

ቀኝ ጆሮ ነው እንበል። አልጋ ላይ እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ፤ ሲጋደሙ ትከሻ ሥር የሚውል ትራስ ከኋላዎ ያኑሩ። ፊትዎን ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ ያዙሩ። እንደዞሩ ፈጠን ብለው በጀርባዎ ይጋደሙ፤ ትከሻዎ ትራሱ ላይ ያርፋል፣ ጭንቅላትዎ ከትራሱ አልፎ ትንሽ ወደ ኋላ ይንጋለላል። ሽክርክሪቱ የሚመጣው እዚህ ነው። አይነሱ፤ እስኪቆም፣ ከቆመም በኋላ 30 ሰከንድ ያህል ይጠብቁ። ጭንቅላትዎን ቀና ሳያደርጉ ፊትዎን ወደ ግራ 90 ዲግሪ ያዙሩ፤ 30 ሰከንድ። ከዚያ መላ ሰውነትዎን በግራ ጎን አዙረው አፍንጫዎ ወለሉን እንዲያይ ያድርጉ፤ እንደገና 30 ሰከንድ። በመጨረሻ አገጭዎን ወደ ደረትዎ አስጠግተው በግራ በኩል ተነስተው ይቀመጡ። ወዲያው አይቁሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጀርባ ከተጋደመ በኋላ ፊቱን ወደ ሌላው ጎን ሲያዞር ነው። ሽክርክሪቱ ያስፈራውና ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል፤ ቅንጣቶቹም ወደመጡበት ይንሸራተታሉ። ሌላው ስህተት ባልታመመው ጆሮ በኩል መሥራት ነው። ከአደጋ በኋላ የሚመጣው ሁለቱንም ጆሮ የመያዝና የመመላለስ ጠባይ ስላለው በአንድ ቀን ካልለቀቀ ተስፋ አይቁረጡ። በጀርባ ተኝተው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሲገላበጡ በኃይል የሚያዞርዎ ከሆነ ግን ቅንጣቱ ሌላ ቱቦ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ዘዴው ሌላ ነው፣ ወደ ባለሙያው ይመለሱ።

ጭው የሚለው በአንጻሩ የደም ግፊት ጉዳይ ነው። አምስት ደቂቃ ተኝተው ግፊትዎን ይለኩ፤ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይድገሙ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ምክንያቱ ተገኘ። ረጅም ጊዜ አልጋ ላይ መቆየት፣ ውኃ ማነስና አንዳንድ መድኃኒቶች ያመጡታል፤ በጾም ቀን ከሰዓት በኋላ የሚብሰውም ለዚህ ነው። ከአልጋ ሲነሱ ጠርዙ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። ቁጥሩን ግን ለሐኪም ያሳዩ።

ትዕግሥት የሚጠይቀው መንገዳገዱ ነው። እዚህ ላይ ዘመድ በፍቅር የሚሠራው ስህተት አለ፦ «አትነቃነቅ፣ ዕረፍ» ማለት። ቀለል ላለ ጉዳት የመጀመሪያው 24 እስከ 48 ሰዓት ዕረፍት ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ አንገቱን እንደ እንጨት አድርቆ ግድግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው አንጎሉ የሚማርበትን ነገር ያጣል። አንጎል የሚታረመው በስህተት ነው፤ ትንሽ መወዛወዝ ካልደረሰበት ምን እንደሚያስተካክል አያውቅም። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንግሊዛውያኑ ሐኪሞች ካውቶርንና ኩክሲ ጭንቅላታቸውን የተመቱ ወታደሮች ዓይንና ጭንቅላታቸውን በእቅድ በማንቀሳቀስ ቶሎ እንደሚሻላቸው አይተው የመልመጃ ተርታ አዘጋጅተዋል። የዛሬው የሚዛን ፊዚዮቴራፒ መሠረቱ እሱ ነው።

ዋናው መልመጃ አንዲት ካርድ ብቻ ይፈልጋል። የቢዝነስ ካርድ ጀርባ ላይ በማርከር «መ» ብለው ይጻፉ፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይበቃል። ክንድዎን ዘርግተው በዓይንዎ ትክክል ይያዙት፣ ወይም ምንም ጥለት የሌለው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ዓይንዎን ከፊደሉ ሳያነሱ ጭንቅላትዎን ብቻ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያዙሩ፤ «አይደለም» እንደማለት። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች። ፍጥነቱን የሚወስነው ፊደሉ ነው፦ «መ» መደብዘዝ ወይም መዝለል ሲጀምር ፈጥነዋል፣ ጥርት ብሎ ከታየና ምንም ካልተሰማዎ ዘግይተዋል። ፊደሉ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ያለው ፍጥነት ነው የሚያሠራው። ተቀምጠው በ30 ሰከንድ ይጀምሩ፣ ወደ አንድ ደቂቃ ያሳድጉ፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይመላለሱበት። ቀጥሎ ቆመው፣ ከዚያ እግር ገጥመው፣ ከዚያ ካርዱን ጥለት ያለው መጋረጃ ላይ አድርገው።

መጠኑን ከ0 እስከ 10 በሆነ ቁጥር ይያዙት። ከመጀመርዎ በፊት ማዞሩ 2 ከነበረ እስከ 4 ወይም 5 መውጣቱ ጥሩ ነው፤ በ15 ወይም 20 ደቂቃ ውስጥ ግን ወደ 2 መመለስ አለበት። ከሰዓት በላይ ከቆየ ወይም ራስ ምታት ካስከተለ በማግስቱ ጊዜውን በግማሽ ይቀንሱ እንጂ አያቋርጡ። «ዛሬ ተሽሎኛል» ተብሎ በአንድ ቀን የሁለት ሰዓት ሥራ ከተሠራ በኋላ ሦስት ቀን አልጋ ላይ መዋል በብዛት የሚታይ ነው። የተጎዳ አንጎል ቶሎ ይደክማል፤ መልመጃው ከቀትር በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ለመቆም ደግሞ ከቤቱ ጥግ የተሻለ ቦታ የለም። ጀርባዎን ወደ ጥጉ ሰጥተው፣ ከፊትዎ የማይንሸራተት ወንበር አስቀምጠው ይቁሙ፤ በየትም በኩል ቢወድቁ የሚይዝዎ አለ። እግርዎን ገጥመው 30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ። ግድግዳ ሳይነኩ ከተሳካ ዓይንዎን ጨፍነው። ከዚያ ዓይን ተገልጦ አንዱን እግር ከሌላው ፊት፣ ተረከዝ ከጣት አጋጥመው። ከዚያ የታጠፈ ስፖንጅ ላይ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ዓይንም ጨፍኖ ስፖንጅም ላይ ወጥቶ የሚጀምር ሰው የሚማረው መፍራትን ነው። አጠገብዎ የሚቆመው ሰው እጁን ያዘጋጅ እንጂ አይያዝዎ። ስድስትና ስምንት ሳምንት ያለ ማቋረጥ ከተሠራ በኋላ ነው ለውጡን መመዘን የሚገባው።

ዓይን ሲጨፈን የሚወድቅ ሰው በዓይኑ ብቻ ነው የቆመው። ይህ መብራት ሲጠፋ ይታወቃል፤ ትራስ ሥር ባትሪ አይጥፋ፣ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ በርጩማና ምንጣፍ አይቀመጥ። ጠበል ቤትም እንዲሁ ነው፦ ውኃው በፊት ላይ ሲወርድ ዓይን ይጨፈናል፣ ወለሉ ያንሸራትታል፣ ብርዱ ያስደነግጣል። ተቀምጦ መጠመቅና አጠገብ ሰው ማቆም ነውር የለውም። ለስግደትና ለሱጁድ መጀመሪያ በጉልበት መንበርከክ፣ ከዚያ አንድ ነጥብ እያዩ ቀስ ብሎ ማጎንበስ ይረዳል። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ መያዝ ደግሞ ክብደት ባይጣልበት እንኳ ይጠቅማል፤ ጣት የጸና ነገር ሲነካ አንጎል ተጨማሪ መረጃ ያገኛልና የሰውነት መወዛወዝ ይቀንሳል።

ከዘራ የሚያዘው ከደካማው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ቁመቱ እጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል የእጅ አንጓ ላይ ይድረስ፤ ከረዘመ ከታች ይቆረጥ፣ ጫፉ ላይ ጎማ ይግባበት። ያለ ጎማ በሴራሚክ ወለል ላይ ከከዘራው መንሸራተት ባዶ እጅ ይሻላል። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ ደካማው። ነጠላ ጫማ ለዚህ ጊዜ አይሆንም።

ውጭ ሲወጡ በመጀመሪያ ጸጥ ያለ መንገድ፣ ከዚያ ኮብልስቶን፣ መርካቶን ለመጨረሻ ያቆዩት። ውጭ አገር ላሉት ፈተናው የሱፐርማርኬት መደርደሪያና ተንቀሳቃሽ ደረጃ ነው፤ ሰው በማይበዛበት ሰዓት በአምስት ደቂቃ ይጀመራል። መራመዱ ሲቀል እየተራመዱ የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ ይጥሩ፦ እሑድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ። ቆጠራው እግርዎን ካቆመው ገና ነው፤ መንገድ እየተሻገሩ ስልክ አያንሱ። መሰላል፣ ሞተር ሳይክልና መኪና መንዳት ሐኪም እስኪፈቅድ ይቅር።

ስለ መድኃኒት ሁለት ነገር ብቻ። ማዞርን የሚያስታግሱት ሲናሪዚንና መሰሎቹ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሹን ያበርዳሉ፤ ለወራት ሲወሰዱ ግን አንጎል ራሱን የሚያርምበትን ሥራ ያዘገያሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን ደግሞ በደም ውስጥ ሲበዛ ራሱ ያንገዳግዳል። በራስ ሥልጣን ማቆም ግን ሌላ አደጋ ነው፤ መጠኑ ይለካ፣ ሐኪም ይቀይረው።

በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከወንበር ተነስተው 3 ሜትር ሄደው ተመልሰው የሚቀመጡበትን ጊዜ በስልክ ይለኩና ከነቀኑ ደብተር ላይ ይጻፉ። 18 የነበረው 15፣ ከዚያ 12 ሰከንድ ሲሆን መልመጃው እየሠራ ነው። እየቀነሰ መጥቶ ከሳምንታት በኋላ ወደ ላይ ከተመለሰ፣ በተለይ በዕድሜ በገፉ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ፣ በአንጎል ሽፋን ሥር ቀስ ብሎ የተጠራቀመ ደም ሊኖር ይችላልና ሲቲ ስካን ሳይውል ሳያድር ይደገም። የሚብስ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የንግግር መጎተት፣ በድንገት የጠፋ መስማት ወይም ከአፍንጫና ከጆሮ የሚፈስ ንጹሕ ፈሳሽ ከታየ ደግሞ ደብተሩን ትቶ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።