ከክርን በላይ ያለች ቀዳዳ

ባለፈው የካቲት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ገጠር ለዘመድ ቀብር ሄጄ ሳለ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ መቃብር የሚቆፍሩት ሰዎች ከጥንት መቃብር የቀረ የላይኛ ክንድ አጥንት አወጡ። ከክርኑ መገጣጠሚያ ከፍ ብሎ ሽንብራ የምታሾልክ ቀዳዳ ነበረው፤ አንድ ሽማግሌ አገላብጠው አዩትና «ይህስ በጦር የተወጋ ነው፤ የአርበኛ ክንድ ሳይሆን አይቀርም» አሉ።

የአናቶሚ መምህር ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። ክርናችንን ስንዘረጋ የታችኛው ክንድ አጥንት ጫፍ የሚገባበት ጎድጓዳ ከኋላ፣ ስናጥፍ የሚያርፍበት ደግሞ ከፊት አለ፤ ሁለቱን የሚለያቸው እንደ ወረቀት የሳሳ የአጥንት ግድግዳ ነው። ይህ ግድግዳ በአንዳንድ ሰው ተከፍቶ ይገኛል፤ ባለቤቱም ሳያውቀው ይኖራል። በውሻ የፊት እግር ላይማ የዘወትር ነገር ነው። በሰው ዘንድ ከወንድ ይልቅ በሴት፣ ከቀኝ ይልቅ በግራ ክንድ፣ ከወፍራም ይልቅ በቀጭን አጥንት ላይ ይበዛል። ጦር የወጋው አጥንት ግን ይሰነጠቃል፤ ሰውየው ቢድን እንኳ ዙሪያው አብጦና ወፍሮ ይቀራል። የዚህኛው ጠርዝ ለስላሳ፣ ቦታውም ልክ በሁለቱ ጎድጓዶች መካከል ነበር። ከሞት በኋላ በአፈር ክብደት ወይም በዶማ የተሰበረም ቢሆን ኖሮ ጠርዙ ይቆራረጥ ነበር።

ከቀዳዳዋ ይልቅ ልቤን የነካው ሌላ ነው፤ አጥንቱ የግራ ክንድና ቀጭን ሲሆን፣ የትከሻው ጡንቻ የሚጣበቅበት ቦታ ግን ሻካራና ጎላ ያለ ነበር። አጥንት በልጅነት የሚሠራውን ሥራ እየተከተለ ቅርጹን ይለውጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ በመካከለኛው አውሮፓ የኖሩ የመጀመሪያዎቹ ገበሬ ሴቶች የላይኛ ክንድ አጥንት ከዛሬዎቹ ሴት ጀልባ ቀዛፊዎች ከ11 እስከ 16 በመቶ የበለጠ ጥንካሬ እንደነበረው አሳይቷል፤ ተመራማሪዎቹም እህል በድንጋይ መፍጨትን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ጠቅሰዋል። ይህን ሳነብ መጁን በሁለት እጇ ይዛ ከሌሊት ጀምሮ ወፍጮው ላይ የምታጎነብሰው አያቴ ፊቴ ድቅን አለች።

በአንድ ክንድ አጥንት ብቻ ጾታን መወሰን አይገባም፤ ይህንንም ለሽማግሌው ነገርኳቸው። እሳቸው ግን አጥንቱን በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠርገው «እንግዲያስ ፈጭታ ያሳደገችን እናት ትሆናለች» አሉና፣ ከአዲሱ አስከሬን ራስጌ እንዲቀበር ለቆፋሪዎቹ ሰጧቸው።