ሙኒክ ላይ ያገኘሁት የካሻን ሐር

ሙኒክ የሄድኩት ለዘመድ ሰርግ ነበር፣ በነጋታው ባቡሬ ማታ ስለሆነ ሬዚደንዝ የሚባለው የባቫሪያ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ገባሁ። ወርቅ ቅብ ጣሪያውን፣ መስታወቱን፣ ሸክላውን ምናምኑን እያየሁ አለፍኩ፣ ይዞ ያስቀረኝ ግን ከፋርስ የመጣ በሐርና በብር ክር የተሸመነ ምንጣፍ ነው።

መሀሉ ላይ የፖላንድ ንጉሥ አርማ አለ፣ ንስሩ ሳይቀር! ነገሩ እንዲህ ነው፣ ንጉሥ ሲጊስሙንድ 3ኛ በ1601 (በፈረንጆቹ) ሰፈር ሙራቶቪች የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ፋርስ አገር ካሻን ከተማ ድረስ ልኮ ምንጣፍ አሠራ፣ ነጋዴውም ሲመለስ ዝርዝር ሂሳብ አቀረበ፣ አርማውን ለማሠራት ብቻ 5 ክራውን ጨምሯል። ከዛ በ1642 የንጉሡ ልጅ አና ካታሪና ኮንስታንሳ የጀርመን መስፍን ስታገባ ምንጣፎች ይዛ መጣች፣ በዚሁ ነው ዞሮ ዞሮ እዚህ የደረሰው ይባላል።

ክሩን በደንብ ላስረዳችሁ፣ እኔ እዛ ቆሜ የዋልኩት በሱ ነውና። ብሩን በጣም አሳስተው በቀጭኑ ይቆርጡትና ሐር ላይ ይጠመጥሙታል። ለወርቁ ደሞ ብሩን ወርቅ ቀብተው ቢጫ ሐር ላይ ነው የሚጠመጥሙት፣ ለነጩ የብር ክር ደሞ ነጭ ሐር፣ ቢጫው ከስር ብቅ ሲል ወርቁን ያሞቀዋል። ይሄኛው ቋጠሮ የለውም፣ ልሙጥ ሽመና ነው፣ በፋርሱ ንጉሥ በሻህ አባስ ዘመን ኢስፋሃንና ካሻን ከተሠሩት ሌሎቹ ላይ ግን ሐሩ ተቋጥሮ ከፍ ይላል፣ የብርና የወርቁ ክር ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ በዚህ ምክንያት አበባው ብድግ ያለ ይመስላል። የኛን የሳባ ክር ጥለት የሚወድ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ብሩ ብዙ ቦታ ጠቁሯል፣ ሐሩም ብርሃን በልቶት ደብዝዟል፣ ስለዚ ቀይና አረንጓዴ የነበረውን ፈዞ ታዩታላችሁ። ሲሠራ እንዴት ያንፀባርቅ እንደነበር ሳስበው በጣም ያሳዝነኛል።

የሚያናድደኝ ደሞ አለ፣ በ1878 ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ የዚህ ዓይነት ምንጣፎች ከነአርማቸው ሲታዩ የፖላንድ ሥራ ናቸው ተባለ፣ ስህተቱ ታውቆም እስካሁን ፖሎኔዝ (በፈረንሳይኛ የፖላንድ ማለት) ነው የሚሏቸው። የፋርስ ሸማኔ ዓይኑን አፍስሶ ሠርቶ!

ከሄዳችሁ ከፊት ለፊት ብቻ አትዩት፣ ጎንበስ ብላችሁ ከጎን እዩት፣ ያልጠቆረው ክር ያኔ ነው ብልጭ የሚለው። እኔ ቀጥሎ ቬኒስ ነኝ፣ ሻህ አባስ በ1603 ለዶጁ (ለቬኒስ ገዥ) ማሪኖ ግሪማኒ የላከው የሐርና የወርቅ ምንጣፍ ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው።