ደሴ ላይ ያልናረው የእህል ዋጋ

ደሴ ውስጥ የ1966ቱ ረሃብ በተነሣ ቁጥር ጨዋታው ጥፋተኛ ወደ መፈለግ ያመራል፦ መንግሥት ደበቀው፣ ነጋዴ እህል ሸሸገ ይባላል። መንግሥት መደበቁ የታወቀ ነው። እኔን አብዝቶ የሚያስጨንቀኝ ግን እያንዳንዱ ሰው የዕለት ሥራውን በሕግ እየሠራ ሳለ ሕዝብ በረሃብ ሊያልቅ መቻሉ ነው። ይህን ጥያቄ አጥርተው ያሳዩኝ የጥንት ግሪክ ትራጄዲ፣ ማለትም መጨረሻው አሳዛኝ የሆነ ቴያትር፣ እና አንድ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ናቸው።

አሪስቶትል እንደሚለው ለትራጄዲ የሚስማማው ባለታሪክ እጅግ ደግም እጅግ ክፉም ያልሆነ፣ በስሕተቱ የሚወድቅ ሰው ነው። በግሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት በሶፎክሊስ «አንቲጎኔ» ውስጥ ያለው የቴቤስ ንጉሥ ክሪዮን እንዲህ ያለ ነው፤ ከጦርነት ማግሥት ከተማዪቱን ለማጽናት ያወጣው፣ የከዳተኛ ሬሳ እንዳይቀበር የሚከለክል ዐዋጅ ወንድሟን የቀበረችውን አንቲጎኔን፣ ልጁንና ሚስቱን ለሞት ይዳርጋል። ጥፋቱ እየቀረበ ሲመጣም ክሪዮን በገንዘብ የተገዛ ሰው ይፈልጋል፤ ዘበኛውን ይጠረጥራል፣ ዕውሩን ነቢይ ቴሬስያስን እንኳ በጉቦ ይከሳል። የራሱ ዐዋጅ ያስከተለውን የሚያየው ከረፈደ በኋላ ነው። እኛም ስግብግብ ነጋዴ ብቻ ስንፈልግ ክሪዮንን እንመስላለን።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ፣ በልጅነቱ በሕንድ እ.ኤ.አ. የ1943ን የቤንጋል ረሃብ ያየው አማርትያ ሴን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ ሲመረምር ካጠናቸው ነገሮች አንዱ የደሴ ገበያ ዋጋ ነበር፤ ያገኘውም የእህል ዋጋ ያን ያህል አለመናሩን ነው። ድርቁ የወሎን ምርት ክፉኛ ጎድቶታል፤ በአገር ደረጃ የነበረው እህል ግን ብዙ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር። ገበሬው የሚበላው ከገዛ ማሳው ስለነበር፣ አዝመራው ሲከሽፍ ምግቡንም ገንዘቡንም አብሮ አጣ፤ በሬውንና በጉን ለመሸጥ ሲወጣ ደግሞ ጎረቤቱም እንዲሁ ስለወጣ ከብቱ በርካሽ ሄደ። ከብቱ በድርቅ ያለቀበት የአፋር አርብቶ አደርም በተረፈችው የሚያገኘው እህል አነሰበት። ባዶ እጁን ገበያ የቆመ ሰው፣ የቱንም ያህል ቢርበው፣ ዋጋ አያስወድድም፤ እህልም ገንዘብ ወዳለበት ይጫናል።

ይህን ሳነብ አንድ የትራጄዲ ሴራ ከነመዋቅሩ ይታየኛል፤ ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። የቴያትር ተመልካች የክሪዮንን ውድቀት ሊያስቀር አይችልም፤ ሴን ግን ለተራበው ሰው በጊዜ ሥራና ገንዘብ ቢደርሰው ኖሮ እህሉ ራሱ ወደ ወሎ ይመጣ እንደነበር ያስረዳል። ስለዚህ «እግዜር ያመጣው ነው» የሚለውን መጽናኛ መቀበል ያቅተኛል።

ደሴ ውስጥ ተጽፎ ደሴ ውስጥ ቢታይ የምመኘው ትራጄዲ አለ። በመድረኩ መሐል ሰኞ ገበያ ላይ እህል የሚያስጭን ነጋዴ ይቆማል፤ ሚዛኑ ትክክል ነው፣ ዋጋውም እንደ አምናው ነው፣ የተራቡትንም ያውቃቸዋል፣ ያዝንላቸዋልም። ተዋናዩ ይህን ሰው ስስታም አድርጎ ከተጫወተው ቴያትሩ እዚያው ከሸፈ፤ ተመልካቹ ጥፋተኛውን አግኝቶ ተገላግሎ ወደ ቤቱ ይሄዳልና።